ቆሎ የተጠቀለለበት ደመወዛችን

ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ተራ ላይ ቆሎ ገዛሁ። ታክሲ ውስጥ እየቆረጠምኩ መጠቅለያውን ገለጥ ሳደርገው የሒሳብ ሠራተኛችንን ስም አየሁ። ዘረጋሁት። ያልተጣራ ደመወዝ፣ 7 በመቶ ጡረታ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ከታች የእኔም ስም ግማሹ ተቀዶ ይታያል። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አንገቱን ሲያሰግግ ወረቀቱን ከነቆሎው ኪሴ ከተትኩት።

የአንድ ትንሽ ድርጅት አስተዳደር ክፍል ነው የምሠራው። መረጃ መጠበቅ ሲባል የሚታየኝ ፓስወርድና አንቲቫይረስ ነበር። በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛችንን "እትዬ፣ አሮጌ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?" አልኳቸው።

"ለቆራሌው ነዋ፣ በኪሎ። ራስዎ አይደሉ እንዴ ቦታ ያዘ፣ ይውጣልን ያሉኝ?"

እውነታቸውን ነው።

ሽሬደር (የወረቀት መቆራረጫ ማሽን) ገዛሁ፤ ያውም ርካሹን። ወረቀት በረጃጅሙ የሚሰነጥቅ ነው። የደመወዝ ዝርዝር ደግሞ የሚታተመው በአግድም ነው። በጠባቡ ጎን ሲገባ ስንጥቁ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ከቅርጫቱ አንዱን ክር ባነሳ ስሙ፣ ደመወዙ፣ የሒሳብ ቁጥሩ እንዳለ አለ! መልሼ በቁመትም በአግድምም የሚከትፈውን ወሰድኩ። ለመግዛት ካሰባችሁ ፒ-4 የሚለውን ደረጃ ፈልጉ፤ ቁራጩ ከ160 ካሬ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። በ2016 የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሳሳያቸው ፈረሙ።

ላፕቶፖቹ ቀላል ነበሩ። ከወንበር ሲነሱ ስክሪኑ እንዲቆለፍ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር መጫን፣ ማታ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ፣ ቢሰረቅ ዲስኩ እንዳይነበብ ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ መመስጠሪያ ማብራት። እዚህም አንድ ጉድ ሠርቻለሁ። የቢትሎከሩን መክፈቻ ቁጥር አትሜ እዚያው ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

የከበደኝ በሩ ነው። ካርቶን ተሸክሞ ከኋላ የመጣን ሰው በር ይዘን "ይግቡ" ካላልን ባለጌ የሆንን ይመስለናል። የጥበቃ ሠራተኛችን ደግሞ "ክራባት ያሰረ ሰው ማነህ ብዬ ልጠይቅ?" አሉኝ። ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ማን አንብቦት! በኋላ ሥራ አስኪያጁን ለመንኳቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ቆመው፣ መታወቂያ አውጥተው፣ እስኪፈቀድላቸው ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃችን ሚኒስትርም ቢመጣ የሚያፍሩ አይመስለኝም። እንግዳ ይመዘገባል፤ የሚፈልገው ሠራተኛ ወርዶ ይቀበለዋል፤ መልሶ ይሸኘዋል።

ቆሎ ግን አልተውኩም። ስገዛ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ሆኗል። ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ የሌላ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ገጽ 2።