የዶክተሯ ኮድ ምን በደለ?

ቢሯችን ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ለአንድ ደንበኛ የመዝገብ ሶፍትዌር ሠራንለት። ሰው ይመዘገባል፣ መዝገቡ ይፈለጋል፣ ማስረጃ ታትሞ ይሰጣል። በቃ ይኸው ነው። ያስቸገረን ፍለጋው ነበር። «ዓለሙ» ተብሎ የገባውን ሰው ጸሐፊዋ «አለሙ» ብላ ስትፈልገው «የለም» ይላታል። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ዓ እና አን አያገናኛቸውም፣ ምክንያቱም የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ ነው) ሲገባ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል።

አንዱ የቡድናችን ልጅ መፍትሔ ይዞ መጣ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ለምርምራቸው ጽፈው በነፃ የለቀቁት ፕሮግራም ነው። ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ነጥብን ደግመን የምንመታውንም ያስተካክላል (ሁላችንም እናደርገዋለን፣ አንተዛዘብ)። ገባ፣ ተሞከረ፣ ፍለጋው ተስተካከለ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደንበኛው ደወለ። አንድ አባት ማስረጃቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ አልሄድም ብለዋል። ስማቸው የሚጀምረው በ«ኃይለ» ነው። የታተመላቸው «ሀይለ» ነው። «መታወቂያዬ ላይ ሌላ፣ እናንተ የሰጣችሁኝ ሌላ። ባንክ ሄጄ እኔ ነኝ ብዬ ልማል?» እውነታቸውን ነው። ዳታቤዙን ስንከፍተው ዓለሙም፣ ሠናይትም፣ ፀሐይም የሉም። ሁሉም በአንድ ሙቀጫ የተወቀጠ ይመስላል።

አለቃችን ጊዜ አላጠፋም። «የዩኒቨርሲቲ ኮድ እኮ ነው! ለወረቀት እንጂ ለሥራ መች ይሆናል?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ደንበኛ የማነጋግረው እኔ ስለሆንኩ ሴትዮዋን አግኝተህ አምጣልን ተባልኩ።

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተገናኘን። «ዶክተር፣ ፕሮግራምዎ የሰው ስም አበላሸብን» አልኳቸው፣ በተቻለኝ ትሕትና። አልተቆጡም። ላፕቶፓቸውን ከፈቱና፣
«የት ላይ ነው ያስገባችሁት?» አሉኝ።
«ሲመዘገብ።»
«ሲመዘገብ? ሲፈለግ አይደለም?»
«ሲመዘገብ።»
ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። ፋይሉ አናት ላይ፣ በጥርት ያለ አማርኛ፣ «ለቆጠራና ለፍለጋ ብቻ። ዋናውን ጽሑፍ አይተኩበት» ይላል። ልጃችን የገለበጠው ከዚያ መስመር በታች ያለውን ነው።

እሳቸው ያንን የጻፉት አንድ ቃል በጋዜጦች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ለመቁጠር ነው። ፀሐይ ተባለ ጸሀይ፣ ለቆጠራው ልዩነት የለውም። የተመራማሪ ኮድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንድ ጥያቄ ይመልስና እዚያው ያቆማል፣ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለውም፣ ለዚያ የሚከፈለውም የለም። በዚህ ግን የሚንቁትን ሰዎች አልወድም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን ግስ ከነቅጥያው በትኖ ሥሩን ያወጣልሃል። ገበያ የሚያሳድድ ድርጅት ለዚህ ቁጭ ይላል?

የተበላሸውን በኮድ መመለስ አልተቻለም። ሀ አንዴ ሀ ከሆነ በኋላ ከኃ ይምጣ ከሐ የሚታወቅበት ነገር የለም። በብዛት የሚጻፈውን መርጠን ብንሞላውስ ብዬ ነበር፤ ዶክተሯ «ስም በግምት አይጻፍም» ብለው ዘጉት። ደግነቱ ደንበኛው ሰዎቹ በእጃቸው የሞሏቸውን ቅጾች አልጣለም። ጸሐፊዋ እያጉረመረመች ከቅጹ እያየች እንደ አዲስ መታችው። አሁን ስሙ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ባለቤቱ እንደጻፈው ነው፣ የሚታተመው እሱ ነው። ሌላው የተስተካከለው፣ ለፍለጋ ብቻ፣ ማንም አያየውም። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ።

ዶክተሯ ገንዘብ አልተቀበሉም። ሶፍትዌሩ ላይ የኮዱ ምንጭ ይጠቀስ አሉ፣ ተጠቀሰ።

ሰሞኑን ደግሞ ደንበኛው በቪዥዋል ግዕዝ፣ ዩኒኮድን በማይከተለው የድሮ የአማርኛ ፎንት፣ የተጻፉ ፋይሎች አመጣ። ፎንቱ ከሌለ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ናቸው። አለቃዬ ጠጋ ብሎ «ሴትዮዋ ለዚህስ ምንም የላቸውም?» አለኝ። አላቸው። ብቻ የተጻፈው በፓይተን 2፣ በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው የድሮ ቅጂ ነው፣ እሱ ደግሞ ድጋፉ ከተቋረጠ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2020። ማን ይቀይረው የሚለው ላይ እየተጨቃጨቅን ነው።