ከኦይል ሲሉ በፊት ዘንጉ

ደሴ፣ መስከረም መጨረሻ

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ የሞተር ሳይክሎች የፊት ሾክ ዘይት መትፋት ይጀምራል። በዝናቡ ወራት ዘንጉ (ወደ ታችኛው ቱቦ እየገባ የሚወጣው የሾኩ ለስላሳ ብረት) ላይ የተረጨው ጭቃ ደርቆ ይጋገራል፤ ሾኩ በተጫነ ቁጥር አቧራ መከላከያውን ጎማ አልፎ ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ከንፈር ስር ይገባል። ከንፈሩ ዘንጉን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ዘይቱም መንገድ ያገኛል። የደሴ መንገድ ደግሞ ለፊት ሾክ አይራራም። የሰፈሩ ኮብልስቶን ይብቃ ሳይባል ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ፊት ላይ ይወድቃል።

ዘይት የታየበት ሾክ ሁሉ ግን አዲስ ሲል አይፈልግም። ዘንጉን በንጹህ ጨርቅ ጠርጎ፣ የፊት ፍሬን ይዞ፣ መሪውን ደጋግሞ ወደ ታች መጫን ነው። ዘንጉ ላይ የዘይት ቀለበት ከቀረ የሚያሳልፈው ሲሉ ነው። የሚንጠባጠበው ከሾኩ እግር የታችኛው ጫፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ የታችኛው ብሎን የመዳብ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ያለው ስስ ቀለበት) ነው፤ ሲል ቢቀየር አይድንም። ሲሉ ቢሆንም እንኳ ከመፍታት በፊት አንድ ሙከራ አለ፦ ከሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ መቁረጥ፣ ጎኑን በትንሹ እንደ መንጠቆ ጎድጎድ ማድረግ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። አቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ገፍቶ ቁራጩን በዘንጉና በሲሉ መካከል ማስገባት፣ ዙሪያውን አዙሮ ማውጣት። ጥቁር ጭቃ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከደረቀ ሥራው አልቋል።

ካልደረቀ ወደ ዘንጉ። ብዙ ሰው ሲል ገዝቶ ቀይሮ በሳምንቱ መልሶ የሚፈሰው እዚህ ጋ ዘሎ ስለሚያልፍ ነው። ጥፍርን ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያውንም ማስኬድ፤ ጥፍር ያልያዘውን ስስ ስቶኪንግ ይይዘዋል። ሲሉ በሚመላለስበት ክፍል ላይ ያለች አንዲት የድንጋይ ምት ወይም የዝገት ጉድጓድ አዲሱን ከንፈር ትቆርጠዋለች። ምቱ ጠርዝ ብቻ ካወጣ ባለ 1000፣ ከዚያ ባለ 2000 ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥቦ ጠርዙን ማንሳት ይቻላል። እንቅስቃሴው በዘንጉ ዙሪያ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ለዘይቱ ቦይ ይሆንለታል። ክሮሙ ተልጦ ብረቱ ከዛገ ግን ዘንጉ ይለወጣል፣ ሌላ መላ የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የተቦረቦረ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል ማስገባት ብርን መንገድ ላይ ከመጣል አይለይም። በነገራችን ላይ ዘንጉን የሚሸፍነው የተሸበሸበ ጎማ ከጭቃ ያድናል፣ ግን ውስጡ ውሃ ካቆረ ዘንጉን ሳይታይ ያዝገዋል፤ ክረምት ሲያልቅ ገለጥ አድርጎ ማድረቅ ነው።

ግዢው ላይ አሮጌውን ሲል ይዞ መሄድ ይሻላል። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ ለምሳሌ 31-43-10 ማለት የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ቁመት በሚሊ ሜትር ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ሲል ከንፈሩ ይደርቃል፤ በጥፍር ሲጫኑት ተለጥጦ የማይመለስ ከሆነ መተው። የሁለቱንም እግር ሲል መግዛት፤ አንደኛው ካለቀ ሌላው ብዙም አይቆይም። ሁለት የመዳብ ሮንዴላም ይጨመር።

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከኤንጂኑ ሥር በእንጨት ተደግፎ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ፣ ኋላው ይታሰር። ሾኩ ገና በቦታው ታስሮ ሳለ የላይኛውን መቆንጠጫ ብሎን አላልቶ የሾኩን የላይ ክዳን ሩብ ዙር ማላላት፤ ወጥቶ እጅ ላይ ከሆነ መያዣ የለውም። የታችኛውን ባለ ስድስት ጎን ብሎንም እዚያው ማላላት፣ ምክንያቱም በሾኩ ውስጥ ያለውን ቀጭን ዘንግ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው የሞላው ግፊት ነው። ሞላው ከወጣ በኋላ ብሎኑ ባዶውን ከዞረ፣ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን ሾል አድርጎ ከላይ አስገብቶ በኃይል መጫን ብዙ ጊዜ ይይዘዋል። የፍሬኑ ካሊፐር (ሸራዎቹን የሚይዘው ክፍል) በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር፤ በሸራዎቹ መሃል ቁራጭ እንጨት ይግባ፤ አለዚያ አንድ ልጅ መጥቶ የፍሬን እጀታውን ቢጨብጥ ፒስተኑ ይወጣል።

ክዳኑ ሲወጣ ፊትን ከላዩ ማራቅ፣ ሞላው ይገፋዋል። ዘይቱን ገልብጦ ዘንጉን ደጋግሞ እያስገቡ እያወጡ ማራገፍ። የፈሰሰውን ማየት ይጠቅማል፦ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ከሆነ ብረት እየተበላ ነው። አቧራ መከላከያውና ሲሉን በቦታው የሚይዘው የሽቦ ቀለበት ከተነሱ በኋላ በአንዳንዱ ሾክ ዘንጉን በኃይል ደጋግሞ መሳብ ሲሉን ይዞ ይወጣል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ግን ሲሉ የታችኛው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። የፈላ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ማፍሰስ፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሉ ይላላል። ከዚያ በካቻቢቴ መፈንቀል፣ ከሥሩ ጨርቅ ወይም እንጨት አድርጎ። ሲሉ የሚቀመጥበት ግድግዳ ከተጫረ ዘይቱ በሲሉ ውጭ በኩል ይወጣል። ሁሉም በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይድረቅ። አዲሱን ሲል ቤንዚን አይንካው።

ሲገባ፦ ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ትንሿ ሞላ ያለችበት ወገን ወደ ዘይቱ። የዘንጉን ጫፍ በፌስታል ሸፍኖ ፌስታሉን ዘይት ቀብቶ ማሳለፍ፤ ያ ስለታም ጠርዝ ከንፈሩን የሚቀድደው በዚህች ደቂቃ ነው። አሮጌውን ሲል ከላይ ደርቦ፣ ልኩ በሆነ የፒቪሲ ቱቦ እኩል እኩል መምታት፣ የሽቦ ቀለበቱ ጎድጓዳ ዙሪያውን ሙሉ እስኪታይ ድረስ። ቀለበቱ በአንድ በኩል ከፍ ካለ ሲሉ ገና አልተቀመጠም።

ዘይቱ ላይ ግምት አይሠራም። መጠኑና ውፍረቱ በሞተሩ መጽሐፍ ይገኛል፤ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ባለ 10 ውፍረት የሾክ ዘይት ይወስዳሉ። እሱ ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀርበዋል። ባለ 20-50 የሞተር ዘይት ግን ለደሴ ጠዋት ብርድ በጣም ወፍራም ነው፤ ሾኩ ግትር ይሆናል፣ ኮብልስቶኑ እጅ ላይ ይመጣል። መብዛቱም ጉዳት አለው፦ ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና አዲሱን ሲል ራሱ ይገፋዋል። ከሁሉ የሚያስተማምነው ከፍታን መለካት ነው። ሞላው ሳይገባ፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ አየሩ እስኪወጣ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ 10 ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዘንጉ አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን መለካት። ትርፉን ከፋርማሲ በተገዛ ትልቅ ሲሪንጅና ቀጭን ቱቦ መምጠጥ ነው። ሁለቱ እግሮች በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ባይለያዩ ደስ ይለኛል።

ሲገጠም ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ብረት) ከጠበቀ በኋላ የታችኛው መቆንጠጫ ብሎን ሳይጠብቅ ሞተሩን መሬት አውርዶ፣ ፍሬን ይዞ ሾኩን ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያ ብሎኑን ማጥበቅ። ሁለቱ እግሮች ትይዩ የሚሆኑት ያኔ ነው፤ ይህ ከተዘለለ ዘንጉ ሲሉን በአንድ ጎን እየጫነ ይበላዋል። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ስስ የዘይት ጭረት ቢታይ ጠርጎ መጠበቅ፣ ሲገባ የተቀባው ነው።

የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ታጥቦም ተቃጥሎም አይመለስም፣ ይቀየራል። ዲስኩ በአልኮል ይጠረግ። ከመነሳት በፊት የፍሬን እጀታው እስኪደድር ደጋግሞ መጨበጥ፣ ሙከራውም ሜዳ ላይ ይሁን፤ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት መውረድ ከዚያ በኋላ።