ለጎጃም ሰማይ የሚሆን ትንሽ ቴሌስኮፕ

ቴሌስኮፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጎጃም ላይ ሆኖ ሰማይ ለሚያይ ግን የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ቱቦው አናት አናቱን ሲያይ ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም?

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ፣ ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናቸው። ስለዚህ ጁፒተርና ሳተርን ሰማዩን ሲያጋምሱ ሁልጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላሉ፤ አናት ላይ የሚደርሱበትም ዓመት አለ። ብርሃኑን ወደ ዓይን ሌንሱ 45 ዲግሪ የሚያጥፈው የዓይን ማጠፊያ ለወፍና ለተራራ የታሰበ ነው፣ እዚህ አንገት ያደርቃል። 90 ዲግሪ የሚያጥፈውን ፈልጉ።

ኢኳቶሪያል የሚባለውን መቆሚያ ለጀማሪ አልመክርም። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መጠቆም አለበት፤ ኮከቡ ደግሞ እኛ ዘንድ ክንድ ተዘርግቶ በተጨበጠ እጅ ልክ ብቻ ነው ከአድማስ ከፍ የሚለው። አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ብዙዎቹ ርካሽ መቆሚያዎችም ያን ያህል ዝቅ አይሉም፣ ዝቅ ቢሉም የሚዛኑ ብረት እግሩን ይመታል። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረው አልታዚሙዝ ይበቃል።

ከሪፍራክተሮች፣ ማለትም ብርሃንን በመስተዋት ሳይሆን በፊት ሌንስ ከሚሰበስቡት ቴሌስኮፖች፣ የእኔ ምርጫ የሌንሱ ስፋት 70፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። 80 በ400 የሆነው አጭሩ ለፍኖተ ሐሊብ ያምራል፤ በጨረቃና በጁፒተር ጠርዝ ላይ ግን ሐምራዊ ቀለም ያለብሳል፣ ምክንያቱም ርካሹ ጥንድ ሌንስ ሁሉንም ቀለም አንድ ነጥብ ላይ አይሰበስብም። 90 በ900 የሚሆነው በቀጭን እግር ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አናት ሲያይም እግሩን ይነካል።

ማጉላቱ በማካፈል ይገኛል፦ 700 ለ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 28 ጊዜ፣ ለ10 ደግሞ 70 ጊዜ። ጥሩ ሌሊት ላይ ጣሪያው የስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም 140 ነው። ካርቶኑ ላይ «525» ተጽፎ ካያችሁ 700ን በ4 አካፍለው ማጉላትን በሚያባዛው ተጨማሪ ሌንስ፣ በባለ 3 እጥፍ ባርሎው፣ ያባዙት ነው፤ የሚታየው ጨለማና ብዥታ ነው። የዓይን ሌንሱ አንገት 31.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 24.5 ከሆነ ተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት በ70 ማጉላት አንድ ሩቅ ምሰሶ ላይ አነጣጥሩና ቱቦውን በጣት ነካ አድርጉ። ምስሉ በ3 ሴኮንድ ካልረጋ እግሩ ደካማ ነው። ከዚያ ሩቁ ነገር ጠርቶ እንደታየ በዓይን ሌንሱ በኩል የእጅ ባትሪ አብሩ፣ ከፊት ሌንሱ ፊት ወረቀት ያዙና የብርሃኑን ክብ በማስመሪያ ለኩ። 70 መሆን ሲገባው 50 ከሆነ ውስጡ ብርሃን የሚቀንስ ቀለበት አለ፤ ሻጩ የደበቀው ጉድለት ነው።

ከዕቃው ጋር የዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመድ የፀሐይ ማጣሪያ ካለ ጣሉት። በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ዓይንም አብሮ ይጠፋል። የፀሐይ ማጣሪያ ከፊት ሌንሱ በፊት ነው የሚገባው።

ጣና ዳር ሌሊቱን ጤዛ ሌንስ ላይ ይወርዳል፤ አትጥረጉት፣ ከፊት የካርቶን ኮፍያ አርዝሙለት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ደርቆ፣ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሻጋታ ሌንሱን ከበላው ሽፋኑ አይመለስም።