ዶሮዋን በዓይኗ፣ እኔንም በዓይኔ

ሥራዬ ዶሮ መከተብ ነው። ጅማና ዙሪያዋ ያሉ አርቢዎች ሲደውሉልኝ የበረዶ ሣጥኔን አንግቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ ያሉ አንዲት እናት ጋ 300 ዶሮ ለፈንግል ልከትብ ሄድኩ። ማስክ አድርጌያለሁ፣ ጓንት አድርጌያለሁ። የዶሮ ቤት አቧራ ሳንባ እንደሚያቃጥል ስለማውቅ በማስክ ቀልድ የለም። መነጽር? ኧረ ወዲያ!

የምሰጠው ላሶታ የሚባለውን ክትባት ነው። ሕያው ቫይረስ ነው፣ ግን ዶሮን የማይገድል ገር ዝርያ። 30 ሚሊ ሊትሩ 1,000 ዶሮ ያዳርሳል፣ ለአንዷ አንድ ጠብታ። ዓይኗ ላይ ጠብ ታደርግና ጨፈን ከፈት እስክትል ይዘህ ትለቃታለህ። ጠብታው ዓይኗ ጥግ ላይ ባለው ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋና ላንቃዋ ይወርዳል። ከዓይኗ ጀርባ ደግሞ የሃርደር ዕጢ የሚባል አለ፤ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የታጨቁበት ነው፣ ቫይረሱን እንዳገኘ አንቲቦዲ ማምረት ይጀምራል። ፈንግል በትንፋሽ የሚገባ በሽታ ሆኖ ሳለ ክትባቱን በዓይን የምንሰጠው ለዚህ ነው። ይህን ለአርቢዎች ስንቴ አስረድቻለሁ መሰላችሁ!

ግማሽ ያህሉን ከጨረስኩ በኋላ የጠብታው አፍ ተደፈነ። አንዷን ዶሮ ብብቴ ሥር ይዤ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ጨመቅ አደረግኩት። አልወጣም። ጠንከር አድርጌ ስጨምቀው ፊጭ! ቀኝ ዓይኔ ውስጥ። በክንዴ ጠረግ አድርጌ ቀጠልኩ። የሚረዳኝ ልጅ “አንተም ተከተብክ እኮ!” ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኔ በርበሬ መስሏል፣ እንባው አያቆምም፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ሴትዮዋ የቀሩትን ጫጩቶች ጉዳይ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ገና እንዳዩኝ “ምች ነው የመታህ ልጄ፣ የምታጠባ ሴት ፈልግና ወተት ጠብ ታድርግልህ” አሉኝ። አመስግኜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የዓይን ነርሷ አየችኝና ከጆሮዬ ፊት ለፊት በጣቷ ጫን አለች። “እዚህ ጋ ያምሃል?” ያማል፤ እንደ ሽንብራ ያበጠች ነገር አለች። ለካ ከዓይን ቆብ የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣራው ንፍፊት እዚያ ነው፣ ቫይረስ ዓይን ሲይዝ ያብጣል።

“ሥራህ ምንድን ነው?”

“ዶሮ እከትባለሁ።”

“በመርፌ?”

“አይ፣ በዓይን ጠብታ።”

ዝም ብላ አየችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ያዘዘችልኝ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን ምንም እንደማያደርገው ነገረችኝ። በሳምንቱ ለቀቀኝ። በኋላ ሳነብ አውስትራሊያዊው የቫይረስ ተመራማሪ በርኔት እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈው ታሪክ ቁርጥ የእኔው ነው፦ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ዓይን ውስጥ የፈንግል ቫይረስ ያለበት ፈሳሽ ተረጨ፣ ዓይኑ ቀላ። ፈንግል ሰው ላይ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የወፍ ጉንፋን ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤች7ኤን7 የሚባለው የዶሮ እርባታዎችን ሲመታ 89 ሰው ተይዞ አብዛኛው የታመመው ዓይኑን ነበር፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ግን ሳንባው ተጎድቶ ሞተ። የሙያ ባልደረባዬ ነው እኮ።

የሚያናድደኝ መንገዱን ማወቄ ነው። የእኛም ዓይን ያው ቱቦ አለው። ዓይን ሲያለቅስ አፍንጫ አብሮ የሚያለቅሰው፣ የዓይን ጠብታ ስታደርጉ ጉሮሯችሁን የሚመርራችሁ በዚያ ነው። እንባ ባዶ ውኃ እንዳልሆነ እርግጥ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ከዚያ በፊት እንባ ውስጥ ባክቴሪያ የሚያፈርስ ላይሶዛይም እንዳለ አሳይቷል፣ በዚያ ላይ አንቲቦዲም አለው፣ ዓይናችንን ስናርገበግብ ደግሞ ያጥባል። ግን የሚያጥበው ወዴት ነው? ወደ አፍንጫ! እኔ ደግሞ አፍንጫዬን በማስክ ከፊት ቆልፌ በጓሮ በር አስገባሁለት። የዚያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ዶሮዋን ጥዬ ዓይኔን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነበር፣ በላብና ላባ በተሸፈነ ክንድ መጥረግ ሳይሆን።

አሁን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዙሪያውን የሚገጥም ነጭ መነጽር ገዝቻለሁ፣ ለልጁም እንዲሁ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ አስቸገረን። ከማስኩ የሚወጣው ትንፋሽ፣ የጅማ እርጥበት ተጨምሮበት፣ በአምስት ደቂቃ ያደበዝዘዋል፤ አንዴ እንዲያውም ጠብታውን ለዶሮዋ ጭራ ሰጠኋት። የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ አፍንጫችን ላይ በፕላስተር መለጠፍ ስንጀምር ተስተካከለ። ሲነሣ ቅንድብ አብሮ ይነቅላል እንጂ።