ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይሰጠው

አዋቂ ሰው አክታ ስጥ ሲባል አክ ብሎ ይሰጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን አክታውን ይውጠዋል። ስለዚህ በሕፃናት ክፍል በሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ልጅ ሲተኛ፣ እኛ ነርሶች ብዙ ጊዜ አክታውን የምንፈልገው ጨጓራው ውስጥ ነው። ሌሊት ሲያስል የዋጠው እዚያ ተጠራቅሞ ያድራል። ጠዋት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብተን በሲሪንጅ እንስበዋለን።

ቱቦ ማስገባቱን ማንም ይለምደዋል። ፈተናው ሰዓቱ ነው። ልጁ ቢያንስ 4 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ፣ ገና እንደነቃ፣ ከአልጋ ሳይነሳ መሆን አለበት። ተነስቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጨጓራው ያጠራቀመውን ወደ አንጀት ይለቀዋል።

አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ዕቃዬን ይዤ ወደ አንድ ልጅ አልጋ ሄድኩ። ሳሉ ሳምንታት አልፎታል፣ ክብደቱም ቀንሷል። አብራው የምትኖረው አያቱ የቲቢ መድኃኒት ላይ ናት። ቱቦውን ከአፍንጫው እስከ ጆሮው፣ ከዚያ እስከ ደረቱ አጥንት ጫፍ ለካሁ። ረዳቴ በጋቢ ጠቅልላ ያዘችልኝ። ቱቦው ገባ። ጥቂት አየር ገፍቼ ሆዱን በስቴቶስኮፕ አዳመጥኩ፤ ቦታው ልክ ነው። ሲሪንጁን ስስብ የረጋ ወተት መጣ።

«እህቴ፣ ጠብቷል እንዴ?»

«አዎ ሲስተር፣ 11 ሰዓት ላይ አጠባሁት። ከ12 በኋላ ነው እንዳትሰጪው የተባልኩት።»

ካርዱን ገለጥኩ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ከ12 በኋላ ምንም እንዳይሰጠው ብሎ አዟል። እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። የማታዋ ተረኛ ቁጥሩን እንዳለ ለእናትየዋ ነግራታለች። ለእናትየዋ ደግሞ 12 ሰዓት ማለት ጎህ ሲቀድ ነው። የታዘዘችውን አንድም ሳታጓድል ፈጽማለች። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ «እናትየው አልሰማ ብላ» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

የመጣውን ወተት ወደ ላቦራቶሪ አልላክሁትም። በልጆች ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ድሮውንም ጥቂት ነው። ከወተት ጋር ሲደባለቅ የማግኘቱ ዕድል ይበልጥ ይመነምናል። ያን ልኮ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት መቀበል ምንም ካለመላክ ይብሳል፤ አንዱ ሐኪም አምኖት ልጁን ወደ ቤቱ ሊሸኘው ይችላላ!

ከእናትየዋ ጋር አልጋው ላይ ተቀመጥንና ከሆዱ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ነገርኳት። ማንም እንዳልነገራት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ታዲያ አክታው ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። በማግስቱ ስመጣ ልጁ አልጋው ላይ ነው፣ ገና ዓይኑን እየገለጠ። ሌሊት ሲያለቅስ ጀርባውን እየመታች፣ እሹሩሩ እያለች አሳድራዋለች። ሲሪንጁ ውስጥ የገባው የሚዝለገለግ፣ ንፍጥ ያለበት ፈሳሽ ነበር። የጨጓራ አሲድ ባክቴሪያውን ስለሚጎዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨምሬበት ወዲያው ላክሁት።

የጂን ኤክስፐርቱ፣ ማለትም የቲቢ ባክቴሪያን ዘረ መል የሚፈልገው የላቦራቶሪ ማሽን፣ ውጤት ኔጌቲቭ ሆነ። ሆኖም በልጅ ላይ ኔጌቲቭ ቲቢን አያስቀርም። ሐኪሞቹ ራጁን፣ ክብደቱንና የአያቱን ሁኔታ አይተው መድኃኒት አስጀመሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የልጆች ሰገራም በጂን ኤክስፐርት እንዲመረመር ይመክራል። ቱቦ የለ፣ ጾም የለ። ላቦራቶሪው የሚሠራ ከሆነ እኔ በሰገራ ቢጀመር እመርጣለሁ። ቱቦው የግድ ሲሆን ግን የእኛ ክፍል ትእዛዙን በአማርኛ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ጡትም ውሃም የለም» ብሎ አልጋው ራስጌ ይለጥፋል። የማታዋ ተረኛም ምክንያቱን ከነገረቻት በኋላ፣ እናትየዋ በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትነግራት ትጠይቃታለች።