በረንዳውን በመስታወት ከማስዘጋታችሁ በፊት

ሥራዬ የአልሙኒየም በርና መስኮት መግጠም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም በረንዳ በመስታወት ዝጋልን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጅ ተወልዷል፣ አንድ ክፍል ቢጨመር ማን ይጠላል? ይገባኛል። ግን ብዙ ቤት ኩሽናው አየር የሚያገኘው በዚያው በረንዳ በኩል ነው። ሲዘጋ የወጥ እንፋሎት መሄጃ ያጣል። ክረምት ላይ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ደግሞ ግድግዳው ያልበዋል፤ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ቀለም ይቀባበታል። ተመልሶ ይመጣል።

ፒያሳ አካባቢ የድሮ ቤት ጥገና ስገባ የማየው ሌላ ነው። ኮርኒሱ ሩቅ ስለሆነ የሞቀው አየር ከሰው ራስ በላይ ይሰበሰባል። ከትልቁ መስኮት በላይ ትንሽ መስኮት ካለች ደግሞ በእሷ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል። የእንጨቱ መስኮት ሁለቱም ክንፉ ወለል ብሎ ይከፈታል። እኛ የምንገጥመው ስላይዲንግ፣ ማለትም ወደ ጎን እየተንሸራተተ የሚከፈተው መስኮት፣ ቢበዛ ግማሹ ነው የሚከፈተው፦ 1.20 በ1.20 ሜትር ከሆነ ከ1.44 ካሬ ሜትር 0.72ቱ ብቻ። በእርግጥ የድሮው መስኮት ብርድና አቧራም ያስገባል። ግን ሲዘጋም ቤቱ አይታፈንም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ከሰል ነው። መብራት ሲጠፋ ወይ ቡና ሲፈላ ምድጃው ሳሎን ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከፍሙም ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ሰው ድካም መስሎት ጋደም ይላል፤ በዚያው የቀረ አለ።

ስለዚህ በረንዳ ስዘጋ ከላይ የምትከፈት፣ የወባ ትንኝ ወንፊት ያላት ጠባብ መስኮት ካላስገባሁ ደስ አይለኝም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ብርድ ልታስገባብኝ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ከራስዎ በላይ ነው፤ አይመታዎትም» አልኳቸው። ተስማሙ። ከሰሉን ግን ያቺ መስኮትም አትችለውም፤ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይቅር።

ይህቺን መስኮት የምትፈልጉ ከሆነ አልሙኒየሙ ከመቆረጡ በፊት ንገሩን። ከተቆረጠ በኋላ መስታወቱም ፍሬሙም እንደ አዲስ ነው የሚሠራው፤ ወጪው በእናንተ ላይ ይመጣል።