ለየትኞቹ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶች ላመልክት?

አሜሪካ ውስጥ ያሉት የኦፕቶሜትሪ (ዓይን የመመርመርና መነጽር የማዘዝ ሙያ) ትምህርት ቤቶች ከሃያ ብዙም አይዘሉም። ኦፕቶምካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ አንዴ ቅጹን ከሞላህ ስማቸው ተደርድሮ ይመጣል፣ የምትፈልገውን መምረጥ ብቻ ነው። እጅ ያሳክካል። ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ አንዳንዱም ለብቻው የሚጻፍ ጽሑፍ ይጠይቃል። ስለዚህ መቀነስ ግድ ነው።

መጀመሪያ የጣልኩት "ምርጡ የቱ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ነው። የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ኤሲኦኢ እውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት የወጣ ሁሉ ያው ኤንቢኢኦ የሚያወጣውን አገር አቀፍ የቦርድ ፈተና ነው የሚቀመጠው፣ ካለፈ በኋላም ፈቃዱ ላይ "ይሄ ከታዋቂው ነው የመጣው" የሚል ነገር አይጻፍም። መነጽር የሚያሠራ ሰው ደግሞ የት ተማርክ ብሎ ሲጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ስሟ ትልቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን ስም ብድር አይከፍልም።

የብድሩ ነገር ነው ዋናው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ቀርቷል። ድሮ ትምህርት ቤቱ "ዓመቱን ለመኖርና ለመማር ይሄን ያህል ያስፈልጋል" ካለ እስከዚያው ድረስ ከመንግሥት መበደር ይቻል ነበር። አሁን ኦፕቶሜትሪን ጨምሮ ለፕሮፌሽናል ዲግሪዎች ጣሪያው በዓመት 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። በዓመት 50,000 ብዙ ይመስላል፤ የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የመሣሪያ ግዢ፣ ኢንሹራንስ ሲደማመር ግን ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ላይ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ወይ ቤተሰብ ይሸፍናል፣ ወይ ስኮላርሺፕ፣ ወይ የግል ባንክ። ባንክ ደግሞ ክሬዲት ያያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዋስ የሚሆን ሰው አምጣ ይላል። በዚህ ዘመን ማን ይፈርምልሃል?

ስለዚህ የትምህርት ክፍያውን ለብቻው ማየት ትቼ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ነገሩ ወዲያው ተገለባበጠ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም እንደ ኦሃዮ ስቴት፣ ሂውስተን፣ ኢንዲያና ያሉት፣ ለስቴቱ ነዋሪና ከሌላ ስቴት ለሚመጣ የሚያስከፍሉት በጣም ይለያያል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ መጻፍ አለበት፦ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነዋሪ መሆን እችላለሁ ወይ? አንዳንዱ ጋ ይቻላል፣ አንዳንዱ ጋ አራቱንም ዓመት እንግዳ ሆነህ ትከፍላለህ። መልሱ የብድሩን መጠን በአሥር ሺዎች ዶላር ሊቀይረው ይችላል። ምዕራብ ስቴቶች ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዊቺ የሚባለውን ፕሮግራም እዩ። አባል የሆኑ አንዳንድ ስቴቶች ኦፕቶሜትሪ ሊማር ወደ ሌላ ስቴት ለሚሄድ ነዋሪያቸው ከወጪው ይሸፍናሉ።

ሁለተኛው መለኪያዬ ክሊኒክ ነው። አራተኛው ዓመት በአብዛኛው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ታካሚ ማየት ነው፣ እና የምታየው ማንን እንደሆነ ለውጥ አለው። ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ ወጣቶችን መነጽር እየለካህ ብታልፍ በኋላ ግላኮማ ያለበት ሰው ፊትህ ሲቀመጥ ትደነግጣለህ። የቺካጎው ኢሊኖይ ኮሌጅ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ኢሊኖይ አይ ኢንስቲትዩት የሚባል የራሱ ትልቅ ክሊኒክ አለው። ቦስተን ያለው ኒው ኢንግላንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ይልካል። ሁለቱም የግል ናቸው፣ ሁለቱም ውድ ከተማ ውስጥ። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ ታካሚው ያለው ኪራዩ ያለበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ስለ አራተኛው ዓመት ትምህርት ቤቶቹን የምጠይቀው ይሄን ነው፦ የምመደብበትን ቦታ ራሴ እመርጣለሁ ወይስ በዕጣ ነው? የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል አለበት? ማደሪያ ይሰጣሉ? በየሦስት ወሩ ሌላ ከተማ ቤት መከራየት የትምህርት ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ በደማቁ የሚጻፍ ወጪ አይደለም።

ኦክላሆማ ለብቻዋ ናት። ታሌኳ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለው የኖርዝ ኢስተርን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚቀበለው ተማሪ ትንሽ ነው፣ ቅድሚያም ለስቴቱ ነዋሪዎች ይሰጣል። ግን ኦክላሆማ ኦፕቶሜትሪስቶች በሌዘር እንዲያክሙ በሕግ የፈቀደችው ከሁሉም ቀድማ በ1998 ነው። ኬንታኪ የተከተለችው በ2011 ነው። ሌዘር ከልቡ የሚፈልግ ሰው ሩቅ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም። እኔም ዕድሌ ጠባብ እንደሆነ እያወቅሁ አስገብቼዋለሁ።

የቦርድ ፈተና ማለፊያ መቶኛ የትምህርት ቤቶቹ ማኅበር፣ አስኮ፣ ያወጣዋል። ሁሉም ሰው ያየዋል። ብዙ ሰው የማያየው ስንት ተማሪ ጀምሮ ስንት እንደጨረሰ ነው። ደካሞቹን ከፈተናው በፊት የሚያሰናብት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ያምርለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ከዝርዝሬ የወጡ አሉ። አዳዲሶቹንም ለጊዜው ትቻለሁ። መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፣ ገና የሚታይ ውጤት ስለሌላቸው ነው። (በነገራችን ላይ የፈተናው ሦስተኛ ክፍል የሚሰጠው ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ብቻ ነው። የትም ተማር፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ አይቀርልህም።)

ኦኤቲ በሚባለው የመግቢያ ፈተና ላይ ብዙ የምለው የለም። ውጤቱ ከ200 እስከ 400 ነው፣ 300 አካባቢ መካከለኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለፈው ዓመት ገቢዎቹን አማካይ ያወጣል፣ ራስህን ከዚያ ጋር ታስተያያለህ። ብዙዎቹ ወንበራቸውን ማመልከቻው እንደደረሳቸው እየሞሉ ስለሚሄዱ፣ መካከለኛ ውጤት ይዞ ቶሎ መላክ ጥሩ ውጤት ይዞ ዘግይቶ ከመላክ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ክርክር ነው። እህቴ ቺካጎ ነው የምትኖረው፣ "ክፍሉ ባዶ ነው፣ ናና ከእኔ ጋር ሁን" ትለኛለች። ኪራዩን ከወጪው ሳወጣው የኢሊኖይ ኮሌጅ ከ50,000ው ጣሪያ በላይ የሚጠይቀኝ ገንዘብ ከአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር ተቀራርቦ ቁጭ አለ። አስገባዋለሁ። ባለቤቷን ግን እስካሁን የጠየቀው የለም።